ሳይወለድ የተሰጠ ልጅ

እትዬ ሃሎ የመታጠቢያ ቤቱን በር ልታንኳኳ ያነሳችውን እጇን መልሳ አወረደች። ልጇ ውስጥ ሆኖ ብቻውን እየተናገረ ነበር። ማቋረጡ ነውር መስሏት አይደለም፤ መስማት ፈልጋ ነው። የሥራ ዘመኗን በሙሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ክፍል ተቀምጣ ሐኪምን ከሐኪም፣ አስታማሚን ከዘመድ ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ወጥታ እንኳ በር ሲንኳኳ «ሃሎ» ማለቱ ስላልለቀቃት ሰፈሩ ስሟን እርግፍ አድርጎ ትቶ እትዬ ሃሎ ብሏት ቀረ። ወሬ አታዛምትም፤ ይህን ጠላቷም ይመሰክርላታል። ግማሹን የሰማችው ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳታል። ስለዚህ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ጆሮዋን ወደ በሩ ጠጋ አድርጋ ቆመች።

«እናት ልጇን ሳይወለድ ለእግዚአብሔር ከተሳለች ልጁ በስለቱ የሚታሰር ይመስላል» ይላል ልጇ፣ ከሚወርደው ውሃ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ምክንያቱም ተለምኖ የተገኘ ነገር አደራ ነው። አደራ ደግሞ ለባለቤቱ ይመለሳል።» ከዚያ ያንኑ ደገመው፤ በሁለተኛው ላይ «ይመለሳል» የምትለዋን ጠበቅ አደረጋት። እትዬ ሃሎ በእግር ጣቷ እየተራመደች ወደ ማዕድ ቤት ተመለሰችና ጫማ ይወለውል ለነበረው ባሏ «ስማ፣ ልጄ ዛሬ ስለ እኔ ሊናገር ነው» አለችው። ባሏ ብሩሹን አላቆመም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚህ ልጅ በፊት ሁለት ጽንስ ጨንግፎባት ነበር። ሦስተኛው ሲመጣ፣ የጆሮ ማዳመጫዋን እንዳደረገች፣ እዚያው የሥራ ወንበሯ ላይ ተሳለች፤ በሕይወት ከተወለደልኝ ካህን አደርገዋለሁ ብላ። ልጁ ተወለደ፤ ደስታዋ ግን ከዚያ ወዲያ ሙሉ ሆኖ አያውቅም። ስለቷን ካላደረሰች ልጁ ይወሰድብኛል የሚል ፍርሃት ሆዷ ገብቶ ቀረ። ልጁ ባስነጠሰ ቁጥር ወደ ጣሪያው ቀና ብላ «አልረሳሁም፣ አልረሳሁም» ትል ነበር። ሰፈሩም ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ገና በአጭር ሱሪ ሳለ «አባ» ይለው ጀመር። ኳስ ሲጫወት የሚጠልፈው ልጅ አልነበረም፤ ፀጉር አስተካካዩ ሥራውን ሲጨርስ «በል እንግዲህ ባርከኝ» ይለዋል። እሱም እምቢ ብሎ አያውቅም። ከትምህርት ቤት ወደ ካቶሊክ ዘርዓ ክህነት፣ ከዚያ ወደ ፍልስፍና፣ ከፍልስፍና ወደ ነገረ መለኮት እያለ ተሻገረ፤ አሁን የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የሚከላከልበት ቀን ደርሷል። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ከክህነት አንድ ደረጃ የሚቀድመውን ዲቁና ይቀበላል። የተማሪዎቹ ማደሪያ ጣሪያ እየታደሰ ስለሆነ ነው ሰሞኑን ቤቱ የሚያድረው። ስለ ስለቱ ግን በዚህ ቤት ውስጥ ከተወራ ዓመታት አልፈዋል። እሷ አታነሳም፣ እሱ አይጠይቅም፣ አባትየውን ደግሞ መጀመሪያም የጠየቀው የለም።

አባትየው ጡረታ የወጣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የሌላውን ሰው ቃል ሲደረድር ኖሮ የራሱን ቆጥቦ ያስቀመጠ ይመስላል። ያን ጠዋት ግን ሳይጠየቅ ተናገረ። «ባትሄጂ ይሻላል» አለ። «ለምን?» ብትለው «ወንበሩ ይቆረቁራል» አላት። «አንተ ደግሞ ወንበሩን የት አየኸው?» እሱ ጫማውን ገልብጦ ሶሉን መመርመር ያዘ። ልጁም ያንኑ ጫማ አድርጎ ሲወጣ «አሰልቺ ነው እማዬ፤ ሰው ቆሞ ወረቀት ሲያነብ ምን ይታያል?» ብሎ ጉንጯን ሳማት፤ ሲስማት በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አባቱን ተመለከተ። እትዬ ሃሎ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አየች። ሁለቱ ወንዶች አንድ ነገር ያውቃሉ፤ እሷ ግን አታውቅም። ይህ ደግሞ ለእሷ የግብዣ ካርድ ከመቀበል አይተናነስም። «እንኳን ወንበር፣ ምስማርም ቢሆን እቀመጥበታለሁ» ብላ ለበዓል የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ አወጣች።

መንገዷን የዲቁናው ልብስ ወደሚሠራበት የጥልፍ ሱቅ አዞረች። ሱቁ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚጠብቅበት ዓይነት ነው። ጥልፍ ሠሪዋ ነጩን ጨርቅ ዘርግታ የደረቱን ወርቃማ መስቀል አሳየቻት፤ አንዱ ክንፍ ብቻ ቀርቷል። ክሩ ጨምሯል አለቻት። ሁሉም ነገር ጨምሯል፣ ክሩ ለምን ይቅርበት አለች እትዬ ሃሎ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ግማሽ ሰዓት ትከራከር ነበር። ጨርቁን በጣቷ ጫፍ ዳሰስ አድርጋ ልጇን በውስጡ አስባ አየችው፤ ከዚያም ለታክሲው ሹፌር ከተጠየቀችው ላይ ጨምራ ሰጠች። ደስ ያላት ሰው እንዲህ ነው፣ ኪሱ ይቀደዳል።

ተቋሙ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በመኪና መለዋወጫ ሱቆችና በአንድ የጥርስ ክሊኒክ መካከል የተሸጎጠ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው። ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው?» ሲላት «ፈተናው ተጀመረ እንዴ?» ብላ መልሳ ጠየቀችው፤ የቤቱ ሰው መሰለችውና አሳለፋት። ኮሪደሩ የወለል ሰም ይሸታል። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተመራቂዎቹ ጽሑፎች ርዕስ ተለጥፏል። እትዬ ሃሎ መነጽሯን አድርጋ አንድ ሳታስቀር አነበበች። አንዱ ጊዜ ምንድን ነው ይላል። አንዱ ማሽን ኅሊና ሊኖረው ይችላል ወይ ይላል። አንዱ ደግሞ የሰው ሕይወት ለማዳን መዋሸት ኃጢአት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህንን መልሳ አነበበችው። እስከ ዛሬ ካህናቱ ሁሉንም አውቀው የጨረሱ ነበር የሚመስላት፤ እዚህ ተቀምጠው ገና እየጠየቁ መሆናቸው ገረማት፣ ትንሽም ደስ አላት። የልጇን ርዕስ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አገኘችው፦ በወላጅ ስለት የተሰጠ ልጅ ይታሰራል ወይ?

አዳራሹ ክፍል ቢባል ይቀላል። ወንበሮቹ እውነትም ይቆረቁራሉ። ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል፤ መካከል ያሉት ተማሪው ሁሉ አባ መምህር የሚላቸው ሽማግሌ ካህን ናቸው። በረድፎቹ ላይ ካህናት፣ መነኮሳት፣ ኮምፒውተራቸውን የከፈቱ ወጣቶች ተበታትነዋል፤ ከአንዱ ረጅም ቀሚስ ሥር የስፖርት ጫማ ብቅ ብሏል። እትዬ ሃሎ ልጇ እንዳያያት ከአንድ ሰፊ ካህን ጀርባ ተጠልላ፣ ሲስተር ከሚሏት ከአንዲት ወጣት መነኩሲት አጠገብ ተቀመጠች። ሲስተሯ ከረሜላ ሰጠቻት። እትዬ ሃሎ ከረሜላውን ወደ ጉንጯ ገፍታ ጥያቄዋን ጀመረች፤ ምን እንደምትማር፣ ለምን እንደምትማር፣ ምን ላይ እንደምትጽፍ። ሲስተሯ መላእክት አዲስ ነገር ይማራሉ ወይ በሚል ነው የምጽፈው አለቻት። «እና ይማራሉ?» አለች እትዬ ሃሎ ከልቧ። «ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ» አለች ሲስተሯ።

ልጇ ተነሳ። በመጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለውን አለ፤ አደራ ለባለቤቱ እንደሚመለስ። ቀጥሎ፣ ስለቱ በተነገረበት ሰዓት እናትና ልጅ አንድ አካል ነበሩ አለ፤ የምትበላው እሱን ያጠግበዋል፣ የምትፈራው የእሱን ልብ ያስሮጠዋል፤ እንግዲያው አፏ የተናገረውን እሱም አብሮ ተናግሮታል ማለት ነው። እትዬ ሃሎ ይህን ስትሰማ ከረሜላውን መጥባት ተወች። ሦስተኛ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ያለችው መካን ሴት አልቅሳ የለመነችውን ልጅ ጡት እንደተወ ወስዳ ለቤተ መቅደስ ሰጥታዋለች፤ ልጁም በዚያው አድጎ ታላቅ ሰው ሆነ። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦ «ደግሞ ይህች እናት በግድ የለሽነት የተናገረች አይደለችም። የሁለት ልጆች ሐዘን በላይዋ ላይ ነበር። ከምትወደው ነገር ሁሉ የምትወደውን ነው ያቀረበችው፤ ለራሷም ምንም አላስቀረችም። እንዲህ ያለውን ስጦታ ከንቱ ነው የሚል ካለ በመጀመሪያ የእሷን ያህል ይስጥ።» እትዬ ሃሎ ታለቅስ ነበር። ይህንን ሁሉ ዘመን ለራሷ እንኳ እንዲህ አሳምራ ተናግራው አታውቅም። ሲስተሯን በክርኗ ነካ አድርጋ «እውነቱን ነው እኮ» አለቻት።

«ገና ነው እማማ» አለች ሲስተሯ በሹክሹክታ።

«ምኑ ነው ገና?»

«አሁን የሚለው የሚቃወመውን ነው። እዚህ ቤት ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የማትስማሚበትን ሐሳብ ከባለቤቱ አሻሽለሽ ታቀርቢያለሽ። ሰሚው ካላመነሽ አባ መምህር ነጥብ ይቀንሱብሻል። የራስሽን የምትናገሪው ከዚያ በኋላ ነው። የዛሬው ደግሞ ጎበዝ ነው፤ እኔንም አሳምኖኝ ነበር።»

እትዬ ሃሎ ከረሜላውን ዋጠችው። ፊት ለፊት ልጇ ወረቀቱን ገለጠና «በዚህ ላይ ግን» ብሎ ጀመረ። ስለት በፈቃድ የሚገባ ቃል ነው፤ ፈቃድ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው በደም አይተላለፍም አለ። አደራ የሚመለሰው ዕቃ ሲሆን ነው፤ ሰው ዕቃ አይደለም። የመካኗም ሴት ልጅ ቢሆን እናቱ ሰጥታዋለች፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን በኋላ በሌሊት፣ እሷ በሌለችበት፣ በገዛ ስሙ ተጠርቷል። «ስለቱ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ መጥራት ለምን አስፈለገ?» አለ። ስለዚህ በወላጅ ስለት የተሰጠ ልጅ አይታሰርም። በፍርሃት ወይም በይሉኝታ ወደ ክህነት የመጣ ሰው ቢኖር ራሱን ጠይቆ እስኪያውቅ ድረስ ይቆይ፤ ቤተ ክርስቲያንም ያላስተዋለውን ሰው አትቸኩልበት ብሎ ደመደመ።

እትዬ ሃሎ ተናደደች። ባሏ ያንን ወንበር ለምን እንደጠላው አሁን ገባት፤ አባትና ልጅ ይህንን እያወቁ ነው ለካ አንዱ ጫማ የወለወለው፣ ሌላው ጉንጯን የሳማት። ተነስታ ልትወጣ ፈለገች። ደግሞ ኮራችም። የጠረጴዛው ሰዎች ሁሉ ልጇ በተናገረ ቁጥር ይጽፉ ነበር። ከንዴቱና ከኩራቱ ሥር ግን ያ አሮጌ ፍርሃት ተነሳባት፤ ልጁ ካህን ሳይሆን ከቀረ ይወሰድብኛል የሚለው። አባ መምህር ፈታኞቹ ጠይቀው ሲጨርሱ፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ተሰብሳቢው ዞረው «ተቃውሞ ያለው አለ?» አሉ። ማንም እጁን አላወጣም። እትዬ ሃሎ ራሷን ቆማ አገኘችው።

«ልጁ ነፃ ነው አልክ። ይሁን» አለች። ድምፅዋ ለሥራ የተገራ ስለነበር ማይክሮፎን አላስፈለጋትም። «እናቲቱ ግን የለመነችውን ተቀብላለች። እሱ እምቢ ሲል እሷ ምን ልትሆን ነው? ተቀብላ ካደች ልትባል ነው?»

ልጇ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወረደ። ወረቀቱን ሲፈልግ አንዱ ገጽ ወለል ላይ ወደቀበት። «ስለት የሚያስረው የተሳለውን ሰው ብቻ ነው» አለ በመጨረሻ፣ የሕግ አንቀጽ እንደሚያነብ።

«እንግዲያው እሷን ያስራታል ማለት ነዋ!»

የስፖርት ጫማ ያደረገው ካህን ሳቁን በሳል ሸፈነው። አባ መምህር ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብለው በደስታ ተመለከቷት። «መልካም ተቃውሞ ነው። እኅቴ፣ እርስዎ የየትኛው የደናግል ማኅበር ነዎት?»

«የማንም አይደለሁም አባቴ። የሱ እናት ነኝ።»

አባ መምህር መነጽራቸውን አወለቁ። ሲስተሯ የእትዬ ሃሎን ቀሚስ ጫፍ ያዝ አደረገች፤ እንድትቀመጥ ይሁን እንድትበረታ አልታወቀም። ልጁ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ገጽ አነሳ። የጎረቤቱ ጋራዥ መዶሻ ድምፅ በመስኮት ይገባ ነበር። «አባ» አለ በመጨረሻ፣ «ይህንን ወጥቼ ብመልስላት ይፈቀድልኛል?» ሽማግሌው ወደ ሁለቱ ፈታኞች ዞር ብለው አዩና «ይፈቀዳል» አሉ። ትንሽ ቆይቶ በከፍተኛ ማዕረግ ማለፉ ተነገረ፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ እትዬ ሃሎም አጨበጨበች፤ ለምን እንደምታጨብጭብ ግን በቅጡ አላወቀችውም።

ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ጎን ለጎን ሄዱ። ልጁ ሊናገር ይጀምርና ይተዋል። በጥርስ ክሊኒኩ፣ በጎማ ሱቁ፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ፊት አለፉ፤ ቃል አልተለዋወጡም። እሷ ስልክ ላይ ዝምታ ሲመጣ መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ በድምፁ ትለይ ነበር፤ ይህ ያልተቋረጠው ዓይነት ነው። ስለዚህ ጠበቀች። ፌርማታው ጋ ሲደርሱ ነው «ለጳጳሱ አንድ ዓመት ይስጡኝ ልላቸው ነው» ያላት። ዲቁና ከመቀበሉ በፊት ማንም ሳያስገድደኝ በፈቃዴ ነው የመጣሁት ብሎ በእጁ ጽፎ ማስገባት አለበት፤ ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ቀደደው። ውሸት ይሁን እውነት ራሱም አላወቀውም። ለአባቱ ነግሮታል። ለእሷ መንገር ግን አልቻለም።

«ልትተወው ነው በለኛ» አለች። የነጩ ጨርቅ መስቀል፣ የሰፈሩ አፍ፣ የተጠራው ዘመድ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት።

«እንደሱ አላልኩም እማዬ። ልወደውም እችላለሁ። ስቀድስ ራሴን አስቤ ደስ የሚለኝ ቀን አለ። ግን ያ ደስታ የኔ ይሁን ያንቺ መለየት አቃተኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስምሽ አብሮት ነው የሚመጣው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተ። ሁለቱም አልገቡም፤ ሹፌሩ ትንሽ ጠብቆ ዘጋና ሄደ። እትዬ ሃሎ የሰው ልጅ የሚጠይቀውን ሁሉ ጠይቃ የጨረሰች ይመስላት ነበር። ዘበኛውን፣ ጥልፍ ሠሪዋን፣ የማታውቃትን መነኩሲት ሳይቀር ጠይቃለች። ይህንን ልጅ ግን አንድ ቀን አልጠየቀችውም። መልሱን አውቀዋለሁ ብላ ይሆን፣ ወይስ ፈርታ? ፈርታ ነው። ቀና ብላ አየችው። አገጩ ላይ ሲላጭ የቆረጠው ትንሽ ቁስል አለ። ምን ያስባል? ምን ያስቀዋል? እንቅልፍ ሲያጣ ምን ያደርጋል? አታውቅም። የሌላ ሰው ልጅ የሆነ ያህል አዲስ ሆነባት፤ አሳፈራት፣ ደግሞም ማወቅ አማራት።

«እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ ልጁ። «ስለቱ ባይኖር ኖሮ ምን እንድሆን ትፈልጊ ነበር?»

መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች። ሐኪም ልትል ነበር፤ የሆስፒታል ሰው ስለሆነች መጀመሪያ የሚመጣላት እሱ ነው። ግን ውሸት ሆነባት። ወደዚያ የሥራ ወንበር፣ ወደዚያች የፈራች ወጣት ሴት በሐሳብ ተመለሰችና ምን እንደፈለገች ጠየቀቻት። ካህን አልነበረም። ሐኪምም አልነበረም። ክህነቱ በእጇ ሌላ የምትሰጠው ነገር ስላልነበራት ያቀረበችው ዋጋ ነበር እንጂ የፈለገችውስ ሌላ ነው።

«እንዳትሞትብኝ» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «እንድትኖር ብቻ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።»

ልጁ ሁለት እጆቿን ያዘ። እጁ ትልቅና ሞቃት ነው፤ መዳፉ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ነበረበት።

«ይኸው ኖርኩልሽ እኮ» አላት።

እትዬ ሃሎ መንገደኛው እያያት አለቀሰች፤ ልጇም መሐረብ አልነበረውምና በካፖርቱ እጅጌ ፊቷን አበሰላት። ሁለተኛው አውቶቡስም መጥቶ አለፈ። ከዚያ በኋላ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ክንዱን ያዘችና በእግር እንሂድ አለችው፤ ብዙ የምትጠይቀው ነገር ነበራት።